ጤናዬን የሚጠይቁኝ ሰዎች

ይድረስ ለወንድምዓለም። እንደምን ከርመሃል? የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ ወይ? እኔ ናፍቆትህን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ።

የስፌት መኪናዬ ተጠግናለች፤ ድምጿ ግን አሁንም ጎረቤት ያስመርራል። ሥራ አላጣሁም። ስሞት ኩላሊቴ ለሰው ይሁን ብዬ ሆስፒታል መመዝገቤን ጽፌልህ ነበር አይደል? ከዚያ ወዲህ አንድ ሽቅርቅር ደንበኛ አግኝቻለሁ። ልኩ የሆነ ሱሪ ይዞ መጥቶ አሳጥሪልኝ አለኝ። ለክቼ ሳልጨርስ፣ "የደምሽ ዓይነት ከባለቤቴ ጋር አንድ ነው አሉ። ጨው አታብዢ እሺ እህቴ" አለኝ። ማን እንዳለው ብጠይቀው ሳቀ። ትናንት ደግሞ ባለቤቱን ይዟት መጣ። ፊቷ አባብጧል፤ ስታያት አንጀት ትበላለች። ብቻዬን እኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም አፌ አያርፍ፣ አዎ አልኳት።

ዛሬ ጠዋት መዝገብ ክፍል ሄጄ ስሜን ሰርዙልኝ አልኩ። ሠራተኛዋ ደግ ናት፤ ዓይኔ እያየ ሰረዘችው። "ከእጃችን የወጣውን ዝርዝር ግን ምን ላድርግልሽ፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" አለችኝ።

የቤቱን ቁልፍ ቀይሬያለሁ፤ አሮጌው ዝጎ ነበር። መንገድ ስሻገርም ግራ ቀኝ አይቼ፣ መልሼ ደግሞ አይቼ ነው። ድሮ ስለዚህ አይደል ስትቆጣኝ የኖርከው? ይኸው ሰው ሆንኩልህ።

ሱሪው አልቆ ተሰቅሏል። ሰውየው ግን ሊወስደው አይቸኩልም፤ በየቀኑ እያለፈ በመስኮት እጁን ያውለበልብልኛል።

ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። ስትጽፍልኝ ስለ ፈለግከው ጠይቀኝ፤ ጤናዬን ብቻ አትጠይቀኝ። እሱን የሚጠይቀኝ ሞልቷል።

ናፋቂህ እህትህ