ሐሰት ነው ብለሽ ተነሺ
የሆዴ ፍሬ ኢንግሪድ፣ እግዚአብሔር በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። እኛ ደህና ነን። እዚህ ዱሉዝ ከተማ ሐይቁ በረዶ ሆኗል፤ ውሻሽ አልጋሽን ወርሷል። ድምፅሽ ከጠፋ ወዲህ አባትሽ «አንቺ ሴትዮ፣ ቡዳፔስት የሄደችው ሒሳብ ልትማር ነው፤ ተያት!» ይለኛል። እሱ ምን አለበት፣ በረዶ ሲዝቅ ይውላል።

እኔ ትተሽው የሄድሽውን የሒሳብ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ። አንድ ነገር እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ሐሰት ነው ብለሽ ተነሺ፤ ጨርሶ የማይሆን ነገር ላይ ከደረስሽ እውነትነቱ ይታወቃል ይላል። እኔም «ልጄ ደህና አይደለችም» ብዬ ተነሳሁ። ይኸው እስካሁን የሚያፈርሰው ነገር አጣሁ።

ወፍራሙን ሹራብ ልበሺ። ፈጣሪ ጤናሽንም አእምሮሽንም ይጠብቅልኝ። እባክሽ ልጄ፣ አንድ መስመር ጻፊና አፍርሺልኝ።

እናትሽ ማርሊን