ከልጆቹ ጋር ወደ ኩባ

ውዴ ደጄ፣

ወደ ምሥራቅ ግንባር የሚሄደው ካሚዮን ላይ ሆነህ እጅህን ካወዛወዝክልኝ ሁለት ክረምት አለፈ። አስከሬንህን ሳናይ ፎቶግራፍህን አቅፈን አለቀስንህ። ስትሄድ ዳዴ ይል የነበረው ልጃችን ገመቹ ዛሬ ግቢውን ሙሉ ይሮጣል። ጓሮ የተከልከው ፓፓያም አፍርቷል።

እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኛል። ሻንጣዬን እሸክፋለሁ፤ መልሼ እፈታዋለሁ። በር ላይ ወጥቼ ወደ አሰብ የሚወርዱትን መኪናዎች አያለሁ፤ ገብቼ ደግሞ እሸክፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቶቻቸው በጦርነቱ የሞቱባቸው ልጆች ኩባ ሄደው እንዲማሩ ተመረጡ። ከወንጂ የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች ልጆችም አሉበት። አብረዋቸው ሄደው አማርኛ የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኛ መምህራን ተፈለጉ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ስብሰባ ተጠርቶ ስለ ጀግኖች ልጆች ብዙ ተወራ። እኔ ግን ገመቹን አስቤ እጄን ሳላነሳ ወጣሁ።

በማግስቱ አየለች የምትባል ሴት መምህራን እንደሚፈለጉ ሰምታ ከወንጂ እኔ ዘንድ መጣች፤ አገዳ አራሚ ናት። ባሏ አንተ በተጫንክበት ካሚዮን ሄዶ እንዳንተው ቀርቷል። ልጇ ማርታ ከተመረጡት አንዷ ናት። ልጅቱ ሐኪም እሆናለሁ እያለች የእናቷን ቀሚስ ትጎትታለች፤ እናቷ ደግሞ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። "መምህር፣ ልጄ እዚያ ስታለቅስ በምታውቀው አፍ አይዞሽ የሚላት ሰው አለ?" አለችኝ።

 ሸኝቻቸው ስመለስ ከቤቴ በፊት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ተመዘገብኩ።

እናትህ ሐርሜ ይህን ሲሰሙ ከመልካሳ በመጀመሪያው መኪና ደረሱ። ውሃ እንኳ አልቀመሱልኝም። "የሰው ልጅ ልታስተምሪ የልጄን ልጅ ትጥያለሽ?" አሉኝ። ገመቹን ይዤ ልሂድ ብዬ ብጠይቅም አልተፈቀደልኝም። ስሜን ላሰርዝ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ሳልገባ ተመለስኩ። ሌላ ቀንም ሄድኩ፤ አሁንም ተመለስኩ። ሐርሜ እውነታቸውን ነው፤ አየለችም እውነቷን ነው። ደጄ፣ አንተ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? እየጠየቅሁህ ከገበያው እስከ ባቡር ጣቢያው ስመላለስ ዋልኩ።

እሑድ ዕለት አየለችና ማርታ ሊያመሰግኑኝ መጡ። ሐርሜ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። የማርታ አባት ካንተ ጋር እንደተጫነ ስነግራቸው ግን ቀና አሉ። "ከልጄ ጋር?" ብለው ልጅቱን ጠሯትና ጭንቅላቷን ይዘው ደጋግመው ሳሟት። ሐርሜ ከኦሮምኛ ሌላ ብዙም ስለማይሆንላቸው ሁለቱ ሴቶች በቋንቋ እምብዛም አይግባቡም፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው አለቀሱ። ገመቹ ማርታን ፓፓያው ሥር ወስዶ ያጫውታት ጀመር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሐርሜ ውሃ ጠየቁኝ። ጠጥተው ጣሳውን እየመለሱልኝ፣ "ሂጂ። ልጁን እይዛለሁ። ግን እማዬ ብሎ ቢጠራኝ፣ ስትመለሺ እንዳትቀየሚኝ" አሉ።

እሺ አልኳቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይኸው አላረፍኩም። ፈቃዱ ሲገኝ ጭንቀቱ የሚቀል መስሎኝ ነበር፤ ባሰ። ትናንት ገመቹን ሳጥበው ጣቶቹን አንድ በአንድ ስይዝ፣ ሐርሜ አይተው እንዳላዩ ወጡ።

ነገ ጠዋት ልጆቹን ይዘን ወደ አሰብ እንወርዳለን፤ ከዚያ መርከብ ነው። ትክክል ልሁን፣ ልሳሳት፣ አላውቅም። እሄዳለሁ ግን።

አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። በዚያ አገር ሰሌዳ ላይ መጀመሪያ የምጽፈው ስም ያንተ ነው። ማን ነው ብለው ሲጠይቁኝ ጀግና አልላቸውም፤ ጀግና ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተዋል። ባሌ ነው እላቸዋለሁ። በሰርጋችን ሰሞን ሶደሬ ጦጣ ዳቦዬን ቀምታኝ፣ ላስመልስ ብሎ ባዶ እግሩን ሲያሳድዳት ቆይቶ፣ ሲያቅተው ሳሩ ላይ ተዘርሮ እንባው እስኪወርድ የሳቀ ሰው። እያንዳንዳቸውም አባታቸው በምን ይስቅ እንደነበር እንዲነግሩኝ እጠይቃቸዋለሁ።

ያንተው ጽጌ
ናዝሬት