ስለ አየሩ ብቻ

ሞርካም፣ ኖቬምበር ሊያልቅ ሲል

ለውድ የባለቤቴ እህት፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽስ ተወሽ? እዚያ ስፔን ፀሐዩ አሁንም በረንዳ ላይ ቁርስ ያስበላል? እኔ ጉልበቴ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ ነው፤ ሞርካም ውስጥ ይህ ስንት ቀን እንደሚሆን ለአንቺ አልነግርሽም። ወንድምሽም ገላው ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ጺሙን ይላጩታል። ካየሽው ግን ቆየሽ። አልወቅስሽም፤ ትንሽ ግን እወቅስሻለሁ።

እሑድ በስልክ ከተነጋገርን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሻይ አፈላና ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። ልብስ አሰጣለሁ፤ ሰማዩ ሲጠቁር ሮጬ አስገባለሁ፤ አስገብቼ ሳልጨርስ ፀሐይ ትወጣና መልሼ አወጣዋለሁ። ጎረቤቴ በአጥር ላይ አይታኝ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ወይ ልብሱን ተይው ወይ ሰማዩን» አለችኝ።

እሑድ የጠየቅሽኝ ሁልጊዜ የምትጠይቂኝን ነው፤ እዚያ እንዴት ነው፣ በረደ ወይ አልሽኝ። ድምፅሽ ግን የሁልጊዜው አልነበረም። እኔም ጠዋት በርዶ ከሰዓት ትንሽ ሞቅ እንዳለ ነገርኩሽ፤ አንቺም እንግዲያው ተጠንቀቂ ብለሽ ዘጋሽው። የአክስታችሁ ልጅ ግሌኒስ ደውላልሽ እንደነበር የሰማሁት በማግስቱ ነው። ባሕሩ ዳር ያለው ሻይ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰውዬ ጋር ተቀምጬ አይታኛለች። አልዋሸችም፣ ተቀምጬ ነበር። እኛ ሰዎች ደግሞ ሆዳችን ሲሻክር ስለ አየር ነው የምንጠያየቀው፤ መልሱም ያው የአየር መልስ ይሆናል። ስለዚህ በስልክ የማይሆንልኝን በወረቀት ልንገርሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ እንደፈለግሽ ፍረጂ።

ሰውዬው ዋልተር ብራድሾ ይባላል። በሙያው የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ወንድምሽን ክሊፍን የአረጋውያን መጦሪያው ካስገባሁት ወዲህ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ የምይዝበት ፌርማታ ላይ እሱም ይቆማል። ሚስቱ ዶሪን እዚያው መጦሪያ፣ ከክሊፍ ክፍል ማዶ ነበረች። የእሷም በሽታ ያው የክሊፍ ነው፤ መርሳት። መጀመሪያ ያለኝ ነገር፣ ያ ደመና ደስ አይልም የሚል ነበር። እኔም አይልም አልኩት። ለዚያ ቀን ይኸው ነበር።

ሴፕቴምበርን ታውቂዋለሽ። ፌርማታው ላይ ካፖርታችንን አውልቀን በክንዳችን እንይዛለን፤ አውቶቡሱ ሳይመጣ መልሰን እንለብሳለን። ዋልተር፣ ሰማዩን አማክሮ የሚለብስ ሰው ራቁቱን ይወጣል ይለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ ከባሕሩ ማዶ ያሉት ተራሮች ከታዩ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ካልታዩ ደግሞ እየዘነበ ነው ብሎ አጫወተኝ። እዚህ የተወለደ ሁሉ ጡት ሳይጥል የሰማውን ቀልድ እንደ አዲስ ነገረኝ፤ እኔም እንደ አዲስ ሳቅኩለት። ከዚያ በፊት መቼ እንደሳቅኩ አላስታውስም ነበር።

መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ክሊፍስ እንዴት ነው ይለኛል። መልስ ስሰጥ የማጽናናው እኔ ነኝ። ዋልተር አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ስንመለስ ፊቴን አየት ያደርግና ትንሽ ገለጥ እያለ ነው ይላል፤ ሰማዩን ማለቱ እንዳልሆነ ይገባኛል። አንድ ቀን እሱ ከዶሪን ክፍል ሲወጣ ሸሚዙ ከአንገቱ እስከ ሆዱ ርሷል። ሻይዋን ደፍታበት ነው። ውጭው ፀሐይ ነበር። ምን እንደምለው ጠፍቶኝ፣ «እናንተ ጋ ዘነበ እንዴ?» አልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። መሐረብ ሰጠሁት። 

ክሊፍ ከበጋው ወዲህ አያውቀኝም። ይህን በስልክ ለስለስ አድርጌ ነው የነገርኩሽ፤ አሁን እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈጽሞ አያውቀኝም። ሻይ የማመጣለት ሴትዮ ነው የምመስለው። ስለ አየሩ ካነሳሁለት ግን ይነቃል። ወንበሩ ባሕሩን ወደሚያሳየው መስኮት የዞረ ነው። ነፋሱ ወደ ሰሜን ዞሯል፣ ዛሬ ሽሪምፕ ፍለጋ አሸዋው ላይ የሚወጣ እብድ ነው ይለኛል፤ ድሮ ባሕሩ ሲሸሽ ሊያጠምድ ትራክተሩን አስነስቶ ከመውጣቱ በፊት እንደሚለው፣ በዚያው ድምፁ። እኔም ስለ ነፋሱ እጠይቀዋለሁ፤ ድምፁን ልስማ ብዬ። እንግዲህ እይልኝ፣ ከባሌም ጋር ከዋልተርም ጋር የማወራው አንድ ነገር ነበር፤ ከአንዱ ጋር ሌላው ወሬ ስላለቀብን፣ ከሌላው ጋር ሌላውን ስለማንደፍር።

በኦክቶበር ያ ሁሉ ነፋስ መጣ። አንድ ጠዋት የዋልተርን ቆብ ከራሱ ላይ ነጥቆ አጥር ላይ ሰቀለው። እኔ ቆቡን ስይዝ የእኔ ሻሽ በረረ፤ እሱ ሻሼን ሲያባርር አውቶቡሱ መጣ። እየሳቅን ገባን። ሾፌሩ ቢላል የሚባል፣ የልጅ ልጃችን የሚሆን፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። ማይክሮፎኑን አንስቶ፣ «ሙሽሮቹ ገብተዋል፤ ከኋላ ያላችሁ ለሁለት ሰው ጠጋ በሉላቸው» አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። የዋልተር ጆሮ ቀላ፤ የእኔን አላየሁትም፣ ግን ይግል ነበር። እሱ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጠዋት ፌርማታው ላይ የምንለዋወጠው አንድ ቃል ብቻ ሆነ። በረደ። አዎ፣ በረደ። ቢላል ነገሩ ገብቶት ኋላ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እናቱ ብትሰማው ምላሱን እንደምትቆርጠው ማለልኝ። ምንም አላልክም አልኩት። ግን ብሎ ነበር፤ እንቅልፍም ነሥቶኝ ነበር። የተናደድኩበት ስለቀለደ አልነበረም።

ኖቬምበር ሲገባ የርችቱን በዓል ዝናብ አበላሸው፤ ሊነድ የተከመረው እንጨት አልቀጣጠል ብሎ የሰፈሩ ልጆች እያለቀሱ ገቡ። ከዚያ ዝናቡ ድንገት ቆመና ሰማዩ ጠርቶ አደረ። በማለዳ መኪናው፣ ሣሩ፣ የፌርማታው ወንበር ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ዋልተር የለም። መጦሪያው ስደርስ የዶሪን አልጋ ተነጥፎ አየሁት፣ መስኮቱም ተከፍቷል። ነርሷ ሌሊቱን በእንቅልፏ እንዳረፈች ነገረችኝ።

ቀብሯ ላይ ሄድኩ። በረዶና ዝናብ የተደባለቀ ነገር ይወርድ ነበር፤ ከኋላ ቆምኩ። ዋልተር የሁሉንም እጅ እየጨበጠ እኔ ጋ ሲደርስ፣ «ሚስስ ሄስኬት፣ መንገዱ አላንሸራተተዎትም?» አለኝ። በረዶው እንዲሟሟ ጨው ረጭተውበታል አልኩት። እጄን ትንሽ ቆይቶ ለቀቀው። ከዚህ ሌላ የተባባልነው የለም፤ ቤቴ ስደርስ ግን ካፖርቴን ሳላወልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ፌርማታው ባዶ ሆነ። ለምን ይምጣ? የሚጠይቀው ሰው የለም። ዝናብ፣ ፀሐይ፣ በረዶ፣ ቀስተ ደመና፣ ሁሉም አውቶቡሱ ሳይመጣ ይፈራረቃሉ፤ እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ ዞር ስል የማወራው ሰው የለም። ልንገርሽ፣ ዶሪንን ተቆጣኋት። አልጋ ላይ ሆና ለማንም ክፉ ያላሰበችውን ሴት፣ መሞትሽ ለምን አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ሰው ስለ ደመና የሚያጫውተውን ሰው ይህን ያህል አይናፍቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ጉሙ ከባሕሩ ተነስቶ መንገዱን ውጦት ነበር። ፌርማታው አጠገብ እስክደርስ ድረስ ሰው መቆሙን አላየሁም። ዋልተር ነው። ወዴት ነው ልለው ፈልጌ አልቻልኩም። እሱ ጉሙ እስከ ቀትር አይነሳም አለኝ። አብረን ገባን። ቢላል በዚህ ጊዜ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ብቻ ደህና እስክንቀመጥ ድረስ አልነዳም። መጦሪያው ፌርማታ ላይ እኔ ስወርድ ዋልተር አልወረደም። እስከ መጨረሻው ድረስ ሄዶ ኖሯል። ስመለስ ከዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አውቶቡስ ውስጥ ይሞቃል፣ ቤት ይበርዳል አለኝ። የግማሽ ሞርካምን ማሞቂያ የተከለ ሰው እንዴት ይበርደዋል ብለው፣ የራሴ ተበላሽቷል አለ፤ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። በማግስቱም ነበር። ከዚያም በኋላ።

ግሌኒስ ያየችን ያ ኃይለኛ ውሽንፍር የመጣ ቀን ነው። ማዕበሉ መንገዱን ስለዘጋው አውቶቡሱ ባሕሩ ዳር አውርዶን ተመለሰ። ሻይ ቤቱ ገብተን ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። ዋልተር ማንኪያውን ሻዩ ውስጥ ደጋግሞ አዞረ። ከዚያ፣ «ብሬንዳ፣ አየሩን ትተን ሌላ ነገር ብናወራስ?» አለኝ። እስከዚያ ቀን ሚስስ ሄስኬት ነበርኩ።

እኔ ደግሞ፣ «አየህ፣ አባራ» ብዬ ተነሳሁ። አላባራም ነበር። ሁለታችንም እስከ አጥንታችን በሰበስን። ግሌኒስ ዓይኗን ትንሽ ብታቆይ ኖሮ ይህንንም ትነግርሽ ነበር። ደጄ ድረስ ሸኘኝ፤ ቆቡን ነካ አድርጎ ሄደ። ከዚያ አንቺ እሑድ ደወልሽ።

ሰኞ ዕለት ፌርማታው ላይ ሰላም ተባባልን እንጂ አልተጫወትንም። ወደ ክሊፍ ስገባ ከሰሜን በኩል ሰማዩ እንደ እርሳስ ሆኖ ነበር። ክሊፍ ደመናውን ሲያይ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ብሩህ ነበር፤ አንድ አፍታ ያወቀኝ መስሎኝ እጁን ያዝኩት።

«ቤትሽ ሩቅ ነው፣ የኔ እመቤት?» አለኝ።

«ብዙም አይደለ።»

«ከባድ ነው የሚመጣው። እኔ እንዳልሸኝሽ ሚስቴ ትጠብቀኛለች፤ ካመሸሁ ትቆጣለች። የሚሸኝሽ ሰው የለሽም?»

እህቴ፣ ያን ጊዜ ምን ልበለው? እጁን ይዤው ነበር። የድሮው እጁ ነው፤ ጨውና ገመድ ያሻከረው፣ ዛሬም ያልለሰለሰ። ሚስትህ እኔ ነኝ ብለው ይጨነቃል፤ ከዚህ በፊት ብዬው አልቅሷል። ስለዚህ እውነቱን ነገርኩት።

«አለ» አልኩት።

«እንግዲያው ብቻሽን አትሂጂ» አለኝና ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ።

ይህን ለነርሷም፣ ለዋልተርም አልነገርኩም። የእሱ ቃል ከእኔ እኩል የሚከብዳት ሌላ ሴት አንቺ ብቻ ስለሆንሽ ለአንቺ እነግርሻለሁ። ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ማለቱም ይሁን አይሁን፣ አላውቅም። አንቺም ብትሆኚ አታውቂም።

ስወጣ አውቶቡሱ ቆሞ ነበር፤ ዋልተርም ውስጥ ነበር። ሰሞኑን ከእሱ ፊት ካለው ወንበር ነበር የምቀመጠው፤ ያን ቀን ከጎኑ ተቀመጥኩ። ዶሪን በወጣትነቷ እንዴት ያለች ልጅ እንደነበረች ጠየቅኩት። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ መናገር ጀመረ፤ ዳንስ ቤት እንዴት እንዳያት፣ የተዋሰችው ጫማ ጠቧት እንዴት እንዳነከሰች፣ እናቷ እንዴት በር ላይ እንዳቆመችው። እሱ ሲጨርስ እኔ ክሊፍን ነገርኩት፤ አሸዋው ላይ የተመለሰው የባሕር ውሃ ከቦን በትራክተሩ ያመለጥንበትን ቀን፣ አንቺ ጀርባው ላይ ተንጠልጥለሽ እንዴት እንደሰደብሽው። እስከ ሞርካም ድረስ ተጫወትን። ውጭው ይዘንብ ይሁን ያባራ፣ አላየሁም።

አሁን ወረቀቴም አለቀ። ለገና ነይ። ክሊፍ ላያውቅሽ ይችላል፤ ስለ ነፋሱ ከጠየቅሽው ግን ድምፁን ትሰሚያለሽ፣ ለእሱ ስትዪ እንኳ ሳትመጪ አትቅሪ። የምሥራቁን ክፍል አሙቄ አቆይልሻለሁ፤ ማሞቂያውንም ዋልተር ጠግኖልኛል። ባቡርሽ በስንት ሰዓት እንደሚገባ ብቻ ጻፊልኝ፤ ጣቢያው ድረስ መጥተን እንቀበልሻለን።

እግዜር ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ቤትሽን በሰላም ይጠብቅልሽ። ያለሽበትን ፀሐይ አያጥፋብሽ፤ እኛንም ይህን ክረምት በደህና ያሻግረን።

ዛሬም፣ ሁልጊዜም
የወንድምሽ ሚስት