ሊያስቋጥር ለመጣ አናጺ ስለተደረገ ደማቅ አቀባበል

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየስብሰባው የሚያሞቁት ወንበርም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ በማድረግ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ዝቅ ማለት ከተፈቀደልኝ ሰንበትበት ብሏል።

እኔ አናጺና የአራት ሴት ልጆች አባት ነኝ። አራተኛዋ ስትወለድ ባለቤቴ ብዙ ደም ፈሷት ሁለት ቀን ራሷን ሳታውቅ ከቆየች በኋላ፣ የራስዎ ሆስፒታል ሐኪም «ሌላ እርግዝና አትችልም» አለኝ። መርፌውም ክኒኑም አልስማማት ስላለ፣ በተራዬ እኔ ቫሴክቶሚ ላደርግ፣ ማለትም የዘር ማስተላለፊያ ቱቦዬን ላስቋጥር፣ ደጅዎን ረገጥሁ። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. በካርድ ክፍሉ መስኮት ጉዳዬን በሹክሹክታ ባስረዳ፣ ሠራተኛዋ አዳራሹን ሙሉ ላለማስቀየም «ምንህን ነው የምታስቋጥረው?» ብላ ጮኻ አስተጋባችልኝ። ዘበኛው ትከሻዬን ይዞ «ወንድሜ፣ ምን በደሉህና ትኮላሻለህ?» ብሎ ሊያለቅስልኝ ደረሰ። ቱቦው ብቻ እንደሚቋጠር፣ ሌላው ሁሉ በነበረበት እንደሚቀጥል በወረፋው ፊት ስላስረዳሁ፣ የጤና ትምህርት ክፍልዎ የዚያን ዕለት ሥራ ቀልሎለታል።

፪ኛ. የቤተሰብ ምጣኔ ክፍልዎ ያለው ቅጽ የሴቶች ብቻ ነበር። ነርሷ ባዶ ቦታ መተው ክልክል ነው ስላለች፣ «የመጨረሻ የወር አበባ ያዩበት ቀን» በሚለው ፊት ለፊት ተመካክረን «አላስታውስም» ብለን ሞላን።

፫ኛ. አማካሪዎ አራት ልጆቼን በጥሞና ቆጥሮ «እንዴ፣ ወንድ ሳትወልድ?» አለኝ። የባለቤትህን ፊርማ አምጣ አለ፤ አመጣሁ። ራሷን አምጣ አለ፤ አመጣኋት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣
«እህቴ፣ ኋላ ቢጸጸትስ?»
«ወንድሜ፣ እኔ ሞቼ ከሚጸጸት ተቋጥሮ ቢጸጸት ይሻለኛል።»
አማካሪዎ ይህን በጥንቃቄ መዝግቦ ለሁለት ወር ቀጠረን።

፬ኛ. በቀጠሮዬ ቀን ቀዶ ሐኪሙ ሥልጠና ላይ ነበር። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ሥልጠናው «ወንዶችን በወሊድ መከላከያ ማሳተፍ» የሚል እንደነበር ስሰማ ደስታዬን የምገልጽበት ቃል አጣሁ።

በዚህ መሀል ባለቤቴ የወር አበባዋ አሥራ አንድ ቀን ዘገየባት። ለዚህ ቁጥር አልሰጠሁትም፣ ክቡር ሆይ፤ ምስጋናም አላዘጋጀሁለትም። መጋዜን ሰቅዬ ሱቄን ዘግቼ ዋልሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከጓዳ «መጣ!» ብላ ስትጮህ ተቃቅፈን እንደ ሙሽሮች ጨፈርን፤ ልጆቹም የምን በዓል እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀላቀሉን።

በማግስቱ ከጫማ መደብር በላይ ያለች አንዲት ጠባብ ክሊኒክ የተወላገደ በር እንዳስተካክል ተጠራሁ። በሩን አንጠልጥዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሕክምና ዝርዝር ሳነብ ያንኑ የምፈልገውን አየሁት። ሐኪሟን «እውነት ይሠራል?» ብላት፣ «በሩን ግጠምና እንነጋገር፤ በክፍት በርማ አላደርግልህም» አለችኝ። በሳምንቱ ተጋድሜ፣ አካባቢው ደንዝዞ፣ እሷ ስትቋጥር እኔ ስለማይዘጋው የማድቤት ቁም ሣጥኗ ምክር ስሰጥ፣ ሁለታችንም ሳቅ አፈነን። «ዝም በል፣ እጄን ታንቀጠቅጠዋለህ!» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ፈጥኜ ዝም ብዬ አላውቅም። ምክሬን ሳልጨርስላት ሥራዋን ጨረሰችልኝ።

ከሦስት ወር በኋላ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ውጤቴ «ምንም አልታየም» አለ። ባለቤቴ ወረቀቱን አንብባ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ በሩን ቆለፈችው። ከዚህ ወዲያ ያለው ሆስፒታልዎን አይመለከትም።

ትዕግሥትን በነጻ ላስተማሩኝ ለእርስዎ፣ ሰንሰለታማ ቢሮዎችዎ እንደ ተራራ ጸንተው እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣

የማይራባው አገልጋይዎ፣
አናጺው

ማሳሰቢያ፦ ውጤቴን ልቀበል በሄድሁ ጊዜ የሆስፒታልዎ መኪና የክሊኒኩን መውጫ ዘግታ ቆማ ነበር። ሹፌሩን ጠጋ አድርግልኝ ብለው «ዳይሬክተሩ ለዚያች ለቋጠሮዋ ነገር ውስጥ ገብተዋል፤ አደራ ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። በአደራው መሠረት ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ይህ ደብዳቤ ግልጽ ደብዳቤ መሆኑ ትዝ ያለኝ አሁን ነው።