ቢጫው እርድ አይደለም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣ ኮሎምቦ፤

ከሁሉ በፊት እንዴት ሰንብተሃል? ያ ሳል ተወህ ወይ? አንተ የከተማው አቧራ ነው ብለህ ጽፈሃል፣ እኔ ግን ሲጋራው ነው እላለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የደረቀ የፓዋታ ቅጠል ልኬልሃለሁ። እንደ ድሮው አፍልተህ ጠጣው፤ ጓደኞችህ ቢስቁብህ ይሳቁ።

እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ጫካውን ይዞታል፣ አልቅቱ ደግሞ እኛን። የአባባ ዳሌ እየዳነ ነው። ወጌሻው ፖዲ አፑሃሚ በየሦስት ቀኑ ቅጠል ቀይሮ ያስርላቸዋል፣ እሳቸውም በየሦስት ቀኑ ይሰድቡታል። ስድባቸው ከተመለሰ ጤናቸውም ተመልሷል ማለት ነው። ጣፋጩን ውሃ ሊቀዱ ኪቱል ዘንባባ ላይ ግን ከእንግዲህ አይወጡም። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ደብዳቤህ ዛፎቹን ለጎረቤታችን ለዊጄሲሪ ስጡትና ተገላገሉ ብለሃል። እሱም ይህን የሰማ ይመስል በየቀኑ አጥራችን ጋ መጥቶ ይቆማል። እህት ዓለም፣ ሴት ስትወጣበት እኮ ዛፉ ያፍራል ይለኛል። አንተን ተሸክሞ ያላፈረ ዛፍ እኔን ቢሸከም ምን ያሳፍረዋል አልኩት። ሆዱን ታውቀዋለህ። ሚስቱ ራሷ ሳቀች።

ቢሆንም ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ዘንድሮ ያሉን ሁለት አበባዎች ብቻ ናቸው። አባባ ቁርጡን ነገሩኝ፦ ከሁለቱ አንዱም ውሃውን ካልሰጠ ዛፎቹ ለዊጄሲሪ ይሆናሉ። እንግዲያው ውሃው እንዲፈስ አበባው ውስጥ የሚታሸገውን መድኃኒት ንገሩኝ ስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከአባት ለወንድ ልጅ ነው፣ ሴት ከሰማችው አበባው ይዘጋል፣ ወንድምሽን ጠይቂ አሉ። ጠየቅሁህ። አንተም ክፋት የለብህም፣ ሰባቱንም ቅመሞች ዘርዝረህ ላክህልኝ።

እንዳልከው አደረግሁ። ወቀጥኩ፣ ቁንዶ በርበሬውንና ኖራውን ጨመርኩ፣ የመጀመሪያውን አበባ ሳይፈነዳ ሰንጥቄ አሸግሁና በጨርቅ አሰርኩት። በስምንተኛው ቀን ወጥቼ ጫፉን ብቆርጠው እንደ መጥረጊያ እጀታ ደርቋል። እዚያው ዛፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዊጄሲሪ እንዳያየኝ ብዬ ደግሞ እስኪሄድ ድረስ አልወረድኩም፤ እግሬ ደነዘዘ።

ቤት ገብቼ ዝርዝርህን እንደገና አነበብኩት። አራተኛው ላይ እርድ ይላል። ወንድም ጋሼ፣ እርድን ከየት አመጣኸው? አባባ ጫካ ውስጥ የነገርን ስም እንደማይጠሩ ረሳኸው? ነብሩ እትዬ ጠቃጠቆ ነው፣ እባቡ ረጅሙ ነው። የሚቆረጥ ተክልም ስሙን ከሰማ ኃይሉን ይዞ ይሸሻል ይላሉ። ቢጫው ሲሉህ አንተ ያሰብከው የእማማን ወጥ ቤት ነው። ቢጫው እኮ ዌኒዌል ነው! ያ ትኩሳት ሲይዘን ፈልቶ የምንጋተው፣ ሲቆረጥ ውስጡ የእንቁላል አስኳል የሚመስለው ሐረግ። ምሬቱን መቼም አትረሳውም፣ የእማማን ነጭ ልብስ ያበላሸኸው በእሱ ነው።

በአንተም አልፈርድም። ከረጢቱን ይዤ ጫካ ለጫካ የምከተላቸው እኔ ነበርኩ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ቢጫውን ቁረጪ ይሉኛል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግሩኝም። ለአንተ ደግሞ ለምን እንደሆነ ነገሩህ፣ የቱ እንደሆነ አላሳዩህም። በአስራ ስድስት ዓመትህ ያስፈሰስካት አበባ ትዝ ትልሃለች? መንደሩ ሁሉ ከበሮ የመታላት? ያን ቀን የምትወቅጠውን ለቅሜ ያመጣሁልህ እኔ ነኝ። ቢጫ ስለሆነ እርድ መስሎህ ይሆናል፤ ከረጢቱ ውስጥ ግን እርድ አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት አልተናገርኩም፣ አሁንም ለማንም አልናገርም። አንተ ብቻ እወቀው።

ዌኒዌሉን ቆርጬ ሁለተኛውን አበባ አሸግሁ። ለአባባ ወንድሜ ከጻፈው ሌላ ምንም አልነካሁም አልኳቸው። ዋሸሁ፣ ምን ላድርግ። የዚያን ቀን ምሳ ሳጎርሳቸው ፊታቸውን አጨማደዱና ሩዙ መረረኝ አሉ። በዚህ ዝናብ ሻግቶ ይሆናል አልኳቸው። አፋቸውን ከፍተው ቀጣዩን ጉርሻ ጠበቁ፣ ሳህኑንም ጨረሱ።

በስምንተኛው ቀን ወጣሁ። ቆረጥኩት። መጀመሪያ ምንም፤ ቀጥሎ ጠብ አለ፤ ደግሞ ጠብ አለ። በሦስተኛው ቀን ገንቦው ጢም ብሎ ሞላ። ዊጄሲሪ ከአጥሩ ማዶ ሲያየው ዞሮ ቤቱ ገባ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም፣ በጣም ደስ አለኝ!

ለአባባ በቅል ቀድቼ ወሰድኩላቸው። ቀስ ብለው ጠጡ። እኔ ደግሞ ምስጋና ስጠብቅ ቆምኩ። ቅሉን አስቀመጡና እጄን ያዙ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። ከዚያ ለወንድምሽ ጻፊለት አሉኝ። መድኃኒት ወቅጦ ሲያበቃ፣ አባቱን ሩዝ ከማጉረሱ በፊት እጁን በሎሚ ይታጠብ በይው አሉ። ይህን ብለው ከትራሳቸው ሥር አበባ ሲቆርጡበት የኖሩትን ቢላዋ አወጡና ምንጣፉ ላይ ወደ እኔ ገፉት።

እንግዲህ መልእክታቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አድርሻለሁ። እጅህን ታጠብ።

ለአዲስ ዓመት ስትመጣ ውሃው ፈልቶ የወፈረ የኪቱል ማር በጠርሙስ ይጠብቅሃል። ከፈለግህ ዛፉ ሥር ቆመህ ገንቦውን ትቀበለኛለህ። ሦስቱ እንቁዎች፣ ቡድሃው፣ ትምህርቱና ማኅበሩ፣ መንገድህን ያብሩልህ፣ ደረትህንም ያሽሩልህ።

ከረጢቱን ትሸከም የነበረችው
ታናሽ እህትህ