የሀምዳን መኪና ስለመስጠቴ

ሰመራ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙስሊማ፣ ለሀምዳ እናት

አሰላሙ ዐለይኪ። ከነሐሴ ጀምሮ ስልኬን ስለማታነሺ በወረቀት መጣሁ። እጄ ከመፍቻ ሌላ መያዝ እንደማይሆንለት ታውቂያለሽ፤ ጽሑፌ ካስቸገረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የግፊት ኪኒንሽን ዛሬ ወስደሻል? ካልወሰድሽ አሁን ውሰጂና ተመለሺ። ፖስታው ውስጥ ሌላ ነገር አለ፤ ሳትጨርሺ አታውጪው።

መጀመሪያ የሚያስቆጣሽን ልንገርሽ። የሀምዳን መኪና ሰጠኋት። አልሸጥኳትም፣ ሰደቃ ነው። በጅቡቲ በኩል ከስደት የሚመለሱ ሰዎችን የሚያሳርፍ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር እዚህ ሰመራ አለ፤ ትናንት ግቢያቸው ውስጥ አወረድኳት። ለልጄ የገባሁትን ቃል ግን አላፈረስኩም። እስከ መጨረሻው አንብቢና ያኔ ፍረጂኝ።

ወንድምሽ መሀመድአሚን እንደነገረኝ አሁንም በየሳምንቱ ጅቡቲ ላለው ደላላ ትደውያለሽ። ልጃችን ለስደት ከወጣች አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ፤ እሱም ያንኑ «ባሕሩን ተሻግራለች፣ ትደውላለች» ይልሻል አሉ።

አዋሽ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እንደከረመ ሰምተሻል። ጎረቤታችን ይርገዱ፣ «ሙስሊማ ደውላ ‹ጣሃ አለ?› አለችኝ፤ ‹አለ፣ ያው እንደ ልማዱ መኪና ስር ነው› አልኳት» ብላ ነገረችኝ። እሷ ሳቀች። እኔ ያቺን «አለ?» ያልሽዋን ስንት ቀን ይዤያት ሰነበትኩ። ቤቱ ደህና ነው። የሀምዳ ክፍል መስታወት ረግፎ በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። የጋራዡ የኋላ ግድግዳ ግን ከላይ እስከ ታች ስለተሰነጠቀ መኪናዋን ወደ ውጭ ገፍቼ አወጣኋት። እዚያ ፀሐይ ላይ፣ መሪዋ በቀኝ፣ አረንጓዴ ቀለሟ አቧራ ለብሶ ቆመች። ላስነሳት ብሞክር ተንተባተበች። ሁለቱን ካርቡሬተር እኩል ማስተንፈስ የምትችለው ሀምዳ ነበረች። የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዋ ላይ፣ ሌላውን ካርቡሬተሩ አፍ ላይ አድርጋ፣ «አባ፣ የግራው ያፏጫል፣ ትንሽ ዝጋው» ትለኝ ነበር። የኔ ጆሮ ከደከመ ቆየ፤ መኪናዋንም «ያንቺ ናት» ያልኳት ለዚህ ነው።

የሄደች ጠዋት አንቺም በሩ ላይ ነበርሽ። ከመኪናዋ ሁለት ቁልፎች አንዱን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አሰረችና፣ «አባ፣ ሁለቱ ቁልፎች አንድ ላይ ሳይሆኑ ለማንም እንዳትሰጣት» አለችኝ። «ወላሂ አልሰጥም» አልኳት። አንቺ፣ «አባትሽን ለመኪና ታስምያለሽ፤ ለእናትሽስ ምን ትተሽ ትሄጃለሽ?» አልሻት። «አንቺንማ ስመለስ ጎኔ አስቀምጬ አገርሽ ባቲ ድረስ ነው የምወስድሽ» አለችሽ። እያለቀስሽ ሳቅሽ።

ማክሰኞ ሙሌ በአይሱዙው መጣ። ሳንቃ ደርድረን ስንጭናት፣ «ጋሽ ጣሃ፣ ለዚች አይሱዙ ምን አስፈለገ? በፌስታል አንጠልጥዬ እወስድልህ አልነበር?» አለኝ። አዳይቱ ኬላ ላይ ፈታሹ ሸራውን ገልጦ፣ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለ።

«የሰርግ መኪና ናት» አለው ሙሌ።

«ሙሽራዋስ?»

«ሰመራ ትጠብቃለች።»

«ሁለት ሰው ብቻ ነው እኮ የምትይዘው። ሚዜዎቹ በእግራቸው ሊከተሉ ነው?»

በአካባቢው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሙሌ ምንም አያውቅም፣ አልፈርድበትም። ሚሌ ስንደርስ ሙቀቱ የመታኝ መስሎት ወርዶ ቀዝቃዛ ውሃ ገዛልኝ።

ማኅበሩን የምትመራው ተስፋነሽ የምትባል ሴት ናት። አባቷ ከጎጃም ዱብቲ ለጥጥ ለቀማ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና፣ «አባቴ፣ እኛን የቸገረን አምቡላንስ ነው። ይቺ በሽተኛ አታስተኛ» አለችኝ።

«አታስተኛም» አልኳት። «አዲስ አበባ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። በጨረታ ሽጧትና የምታስተኛዋን ግዙ።»

«ከየት አገኟት?»

ነገርኳት። አባቴ ዱብቲ፣ የእንግሊዞቹ ጥጥ እርሻ ውስጥ መካኒክ እንደነበረ፤ የመኪናዋ ባለቤት መሐንዲስ አብዮቱ ሲመጣ «እመለሳለሁ፣ ጠብቅልኝ» ብሎ ሁለቱን ቁልፎች ሰጥቶት እንደሄደ፤ አባቴ ሞተሯ እንዳይጣበቅ በየሳምንቱ በእጁ እያዞረ ሃያ ዓመት እንደጠበቀው፤ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ብቻ «በቃ ያንተ ናት» እንዳለኝ።

«ሃያ ዓመት!» አለች። «ሰውዬው እንደማይመጣ አባትዎ አላወቁም?»

«ያውቅ ነበር። አይመጣም ማለት ከብዶት ነው።»

ከዚያ ቢሮ ገብተን ወረቀት አወጣች። «ስጦታው በማን ስም ይሁን?»

«በሀምዳ ጣሃ።»

«ልጅዎ ናት? ታዲያ እሷ ራሷ መጥታ ብትፈርምልን ጥሩ ነበር።»

ወረቀቱን ወደ እሷ መለስኩላት። እሷም የጠየቀችኝን ትታ፣ «ቁልፏ አንድ ብቻ ነው?» አለችኝ።

ሙስሊማ፣ እጄን ኪሴ ከተትኩና ሁለቱን ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ የኔው ነው። ሌላው ጥቁር ክር አለው። ክሩ በባሕር ጨው ደርቆ ነጣ ነጣ ብሏል።

ተስፋነሽ ክሩን አየችው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ብዙ የምታይ ሴት ናት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቁልፉን ከክሩ ፈታችና ክሩን መለሰችልኝ። «ይሄ የእናቷ ነው» አለችኝ። ፖስታው ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ቁልፉን ያመጣልኝ አንድ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት በሻዕባን ወር፣ አንቺ ገበያ በነበርሽበት ቀን ጋራዡ ድረስ መጣ። ባሕሩን ስትሻገር ጀልባው ላይ አብሯት ነበር። እሱ ሲመለስ ሰርዶ መንገድ ዳር ወድቆ ይኸው ማኅበር ነው አንስቶ ያዳነው። ክሩን ከአንገቷ ፈትታ የሰጠችው ራሷ ናት፤ «አንተ ዋና ትችላለህ። አዋሽ፣ የጣሃ ጋራዥ በል» ብላ። ሌላውን ስትፈልጊ በቃሌ እነግርሻለሁ። ሳትፈልጊም አልነግርሽም።

በማግስቱ ሰው ሰብስቤ ልነግርሽ ነበር። ረመዳን ሊገባ ሆነ፤ ጾምሽን እስክትጨርሺ አልኩ። በየአፍጥሩ የሀምዳን ሳምቡሳ ሳህን ላይ ለብቻ ታስቀምጪ ነበር። ጠዋት ባዶውን ስታገኚው ድመት ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ እኔ ነበርኩ የምበላው። አውጥተሽ ስትጥይው ማየት አቃተኝ። ከዒድ በኋላ አልኩ፤ ግፊትሽ ተነሳ። ሲሻልሽ የመሀመድአሚን ልጅ ኒካሕ ደረሰ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስድስት ወር ሆነ። ስድስት ወር የደበቀ ሰው በየት በኩል ይጀምራል? «አንድ ቀን ደላላ ጠይቀህ አታውቅም፣ ለልጅህ ልብ የለህም» ብለሽ ወደ ባቲ ስትወጪ ሻንጣሽን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁሽ። ደላላውን ምን ብዬ ልጠይቀው?

አሁን ሻዕባን ዞሮ ገባ። ሌላ ረመዳን አንቺ እዚያ ሳህን እያስቀመጥሽ፣ እኔ አዋሽ ሆኜ እያወቅኩ መጾም አልቻልኩም። መኪናዋን በሀምዳ ስም የሰጠሁት ለዚህ ነው። ሰደቃው ለሷ ይድረስ።

ይህን ደብዳቤ የሰጠሽ ወንድምሽ ነው። ዛሬ ከሰመራ ደውዬ ነገርኩት፤ ሰዎቹን የሰበሰበልኝም እሱ ነው። እያነበብሽ ሳለ ከበሩ ውጭ የሰው ድምፅ ብትሰሚ አትደንግጪ። ከንጋቱ የፈጅር ሰላት በቀጥታ የመጡ ናቸው፤ ኢማሙ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የሠፈርሽ ሴቶች። አንብበሽ እስክትጨርሺ እንዳይገቡ ለምኛቸዋለሁ። ከሰው አፍ ሳትሰሚ ከኔ እንድትሰሚ ፈልጌ ነው፤ ይኸው አሁንም ቃሉን መጻፍ አቃተኝ።

እኔም ሌሊቱን ከሰመራ መጥቼ አብሬያቸው አለሁ፣ ከኋላ፣ አጥሩ ጥግ። ግባ ካልሽኝ እገባለሁ። አትግባ ካልሽኝ እዚያው ውጭ ከለቀስተኛው ጋር እቀመጣለሁ።

አላህ ሰብሩን ይስጥሽ። ልብሽን ያጽናልሽ። ለሷም እኛ ከምንለምነው አብልጦ ይስጥልን።

የሀምዳ አባት
ጣሃ