የካልሲ ፋብሪካው ድልድዩን ሲሻገር

ጥር 6
«ፋብሪካ እግር የለውም፣ የት ይሄዳል?» አሉ ከንቲባው፣ ከሒሳብ ሹሙ ጋር ደረጃውን ሲወርዱ። ትክክል ናቸው። የካልሲ ፋብሪካውን በየቀኑ አልፈዋለሁ፤ እግር አይቼበት አላውቅም። ካልሲ ብቻ።
የአሥር ዓመቱ የግብር እፎይታ ሰኔ ላይ ያበቃል። ባለቤቱ ሌላ አሥር ዓመት ጠይቋል። ከንቲባው እምቢ ብለዋል። ግብር የሚከፍል ፋብሪካ… አይተን አናውቅም፤ ጓጉተናል።

ጥር 19
እግር አወጣ። ከድልድዩ ማዶ ያለው ከተማ አሥር ዓመት እፎይታ ሰጠው፣ መሬትም በነጻ። ከዚህ እዚያ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።
«ክህደት!» አሉ ከንቲባው ስብሰባ ላይ። እኛም ከሌላ ከተማ እንዲሁ አባብለን እንዳመጣነው ያነሳ የለም። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም አይነቅዝም። ያኔ ውሉን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።
ከሥራ ስወጣ ታናሽ እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ስፌት ክፍል ናት፤ የካልሲ ጣት የምትዘጋው እሷ ናት።
«ጋሼ፣ ሲሄዱ እኛንም ይወስዱናል?»
«አይመስለኝም።»
«አንድ ቀን እንኳ ዋሽተህ አጽናናኝ እስቲ።»
ልጅ ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ሌላ ገቢ የላትም።

የካቲት 3
የግብር እፎይታ ውል የሚጽፍ ሰው የለም። ሁሉም ይገለብጣል። የእኔ ውል ስንት ከተማ እንደዞረ እንጃ… ማዶዎችም አምና «ለናሙና» ብለው ወስደውታል።
አንቀጽ ዘጠኝ፦ ድርጅቱ የምርት ሠራተኞቹን ከከተማው (ስሙ እዚህ ይገባል) ነዋሪዎች ብቻ ይቀጥራል። ከገለበጡት፣ ማዶ የሚቀጠረው የማዶ ነዋሪ ነው ማለት ነው።
እህቴን ጠራኋት። «ማዶ ቤት ተከራዪ። ምልመላው ሳይጀመር መታወቂያ አውጪ።»
«እርግጠኛ ነህ?»
«አንቀጹን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»
«እሱ ነው የሚያሰጋኝ።»

የካቲት 17
ዕቃዋን ጫንን። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ ያኮረፈች ልጅ። ትምህርት ቤት መቀየሯን አልወደደችውም።
አዲሱ ክፍል ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ነው። ከታች ጎማ ሲነፋ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። የድሮውን ክፍል አከራይዋ በዚያው ቀን ለሌላ ሰጠችው።
መታወቂያውንም ጨረስን። የእኛ ከተማ የመታወቂያ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ አሮጌውን ተቀብላ ጥጉን በመቀስ ቆረጠችው። የስፌት ክፍል ሴቶች «ስደተኛዋ!» እያሉ ሲስቁባት ሰነበቱ። «ሳቁ፣ ሳቁ፣» አለቻቸው፣ «ወንድሜ ሕግ ያውቃል።»
ደስ አለኝ፣ ልዋሽ?

መጋቢት 2
ከንቲባው ሐዘን ላይ ናቸው። ፋብሪካው ማሽን መንቀል ጀመረ።

መጋቢት 11
ማዶ ያለው ባልደረባዬ ደወለ። እሱም ውል አርቃቂ ነው፤ ገልባጭ ብለው ይሻላል።
«ወንድሜ፣ ጉድ ሆነናል።»
«ምነው?»
«አንቀጽ ዘጠኝ ላይ የእናንተ ከተማ ስም ሳይቀየር ቀርቷል። ሌላው ቦታ ላይ ሁሉ ቀይረነዋል… እዚያ ላይ አመለጠን። ተፈርሟል፣ ማኅተምም ተመትቷል።»
ማለትም፣ ማዶ የሄደው ፋብሪካ የሚቀጥረው የእኛን ከተማ ነዋሪ ብቻ ነው።
«አስተካክሉታ!»
«ባለቤቱን ለመንነው። ‹ውል ውል ነው› ይለናል። ምን ቸገረው? የለመደ እጅ አገኘ፣ የእኛን ሰው ከማሠልጠን ዳነ።»
ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ እህቴ ትዝ አለችኝ።

መጋቢት 13
ከንቲባው የፋብሪካውን ሠራተኞች ሰበሰቡ። «በአስተዳደራችን አርቆ አሳቢነት አንድም ነዋሪያችን ሥራ አያጣም!» ጭብጨባ። መድረክ ላይ ጠርተው እጄን ጨበጡኝ፤ «የአንቀጽ ዘጠኝ አባት» አሉኝ። ግብሩን እኛም ማዶም አናገኝም፤ እሱን ማን አነሳው?
የስፌት ክፍል ሴቶቹ ከፊት ተቀምጠዋል። እህቴ የለችም።

መጋቢት 14
ሄድኩባት። ሰምታለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።
«ሁሉም ተመዝግበዋል፣ ጋሼ። ጉዳዩን ጭራሽ ያልሰሙት እንኳ።»
«እኔ… መታወቂያሽን እናስመልሳለን።»
«የመታወቂያውንም አንቀጽ አንተ ነህ የጻፍከው?»
ታች ጎማ ተነፋ። ሁለታችንም ወለሉን አየን።

መጋቢት 16
የመታወቂያ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ልጅቷ አወቀችኝ፤ በመድረኩ እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ። መመሪያውንም አሳየችኝ። ለቆ የተመለሰ ነዋሪ መታወቂያ የሚሰጠው ስድስት ወር ከተቀመጠ በኋላ ነው።
ምልመላው ሐሙስ ይዘጋል።